ናዳ ያለበት ተራራ ላይ ለምትወጡ፦ ከቤት ጀምሮ እስከ ቁፋሮው ደረጃ በደረጃ

እሺ፣ መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚዘንበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፣ ያ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ እዚህ ግን ሦስቱ ከተምታቱ ነገሩ ስለሚበላሽ ለስላሳውን ስኖው እያልኩ ልቀጥል፣ ተራራ ላይ ተከምሮ ቆይቶ ድንገት ተንዶ የሚመጣውን ደሞ ናዳ። የምጽፈው ጥበቃ ካለው የስኪ ቦታ ውጪ በስኪም በስኖውቦርድም በስኖውሹም ሆነ በእግሩ ብቻ በብርዱ ወራት ተራራ ለሚወጣ ሰው ነው። ስኪ ቦታዎቹ ውስጥ ሠራተኞች ማልደው ተነስተው ናዳውን በፈንጂ ቀድመው ያወርዱታል፣ የቦታውን ወሰን ገመድ አልፋችሁ ከወጣችሁ ግን ያን ሥራ የሠራላችሁ የለም፣ ሁለት ሜትር ብቻ አልፋችሁ ብትቆሙም ያው ነው።

ደሞ ይሄን አንብቦ በቃ ገባኝ ብሎ መውጣት አይሆንም። መስክ ላይ የሚሰጥ የሁለት ሦስት ቀን ኮርስ አለ፣ እሱን ውሰዱ።

ናዳው ራሱ ምንድነው

ፊልም ላይ አንዱ ሲጮህ ተራራው ሲናድ ታያላችሁ አይደል፣ እሱ የፊልም ነገር ነው፣ የሰው ጩኸት ናዳ አያስነሳም። የሚያስነሳው ክብደት ነው። ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ከ10ሩ ዘጠኙን ያህል የቀሰቀሰው ራሱ የተያዘው ሰው ወይ አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው። ሲሰሙት ያስደነግጣል ግን ጥሩ ዜና ነው እኮ፣ እንደ መብረቅ ከላይ የሚወርድብን ሳይሆን ረግጠን የምናስነሳው ከሆነ አለመርገጥም በእጃችን ነው።

ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ስላብ የሚባለው ዓይነት ነው። የቤት ሶሌታ አስቡ። ከላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ንብርብር አለ፣ ከሥሩ ደካማ ንብርብር አለ፣ ሁሉም ደሞ ተዳፋት ላይ ነው የተቀመጠው። ላዩ ላይ ስትቆሙ ክብደታችሁ ወደ ታች ይወርድና ደካማውን ይሰብረዋል፣ ስብራቱ ወደ ጎን እየሮጠ ይሄዳል፣ ከዛ ሶሌታው በሙሉ፣ አንዳንዴ የኳስ ሜዳ የሚያህለው፣ እናንተን መሀሉ ላይ እንዳቆመ ይለቃል። በሰከንዶች ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሮጬ አመልጣለሁ የሚባል ነገር የለም።

ደካማው ንብርብር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ስኖው ቀጭን ሆኖ አየሩ በጣም ሲቀዘቅዝ ነው። ከሥር ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ በመሀል ልዩነት ይፈጠራል፣ ልዩነቱ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ዲግሪ ወይ ከዛ በላይ ከሆነ እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ቅንጣቶቹን ማዕዘን ማዕዘን ያላቸው ክሪስታሎች ያደርጋቸዋል። በጓንታችሁ ስትዘግኑት እንደ ስኳር ይፈሳል፣ ኳስ ላድርገው ብትሉ አይያያዝም። ሌላው ጥርት ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት ስኖው ላይ የሚበቅለው አመዳይ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ላባ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ ስልክ አስወጥቶ ፎቶ የሚያስነሳ ዓይነት። ላይ እያለ ምንም አይደል። በማግስቱ አዲስ ስኖው ሲቀብረው ግን ያ ቆንጆ ነገር ለሳምንታት ሊቆይ የሚችል ወጥመድ ይሆናል፣ ከላይ ሆናችሁ ደሞ አታዩትም።

1. ማታ ቤት ሆናችሁ ትንበያውን እስከ መጨረሻ አንብቡ

የናዳ ትንበያ የሚያወጡ ተቋማት አሉ፣ ስዊዘርላንድ ዳቮስ ላይ ያለው ኤስኤልኤፍ፣ አቫላንሽ ካናዳ፣ የኮሎራዶው አቫላንሽ ኢንፎርሜሽን ሴንተር ምናምን። የምትሄዱበትን ሰፈር የሚሸፍነውን ፈልጉ። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ አይበቃም፣ እሱ ስንት ሴንቲ እንደሚጥል ይነግራችኋል እንጂ ከሥር ምን እንዳለ አያውቅም።

ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ሰው የሚሸወደው 3 ላይ ነው። ከ5 ውስጥ መሀል ስላለ "መካከለኛ ነው፣ ይቻላል" ይላል። አይደለም። አንዱ ደረጃ ከሌላው በእኩል አይርቅም፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አደጋው በእጥፍና ከዛ በላይ ነው የሚጨምረው፣ 3 ማለት ሰው ረግጦ ሊያስነሳው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው ማለት ነው። ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ በብዛት ሰው የሚሞተውም 3 ላይ ነው፣ ምክንያቱም 4 እና 5 ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል፣ 3 ሲሆን ግን ፀሐዩ ወጥቷል፣ ስኖው አዲስ ነው፣ ጓደኛ ደውሏል።

ቁጥሩን አይታችሁ አትዝጉት። ከሥሩ በየትኛው ከፍታ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ በዞረ ቁልቁለት ላይ፣ ምን ዓይነት ችግር እንዳለ ይጻፋል፣ ዋናው እሱ ነው። አዲስ ስኖው ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን መታገስ ይረዳል። ነፋስ ያከማቸው ከሆነ ሸንተረሩን አልፎ ነፋሱ በማይነካው በኩል ነው የሚጠራቀመው፣ ነፋስ ደሞ ከሰማይ ከሚጥለው በ10 እጥፍ ፍጥነት ሊከምር ይችላል፣ ስለዚህ ትናንት ምንም አልጣለም ማለት ምንም አልተከመረም ማለት አይደለም። እርጥብ ስኖው ከሆነ ሰዓት ነው የሚወስነው፣ በሌሊት ተነስቶ ፀሐዩ ሳይበረታ መውረድ። ከመሬቱ ጋር ተንሸራቶ የሚወርደው ደሞ መቼ እንደሚለቅ ማንም አያውቅም፣ ቁልቁለቱ ላይ አፉን የከፈተ ስንጥቅ ካያችሁ ከሥሩ አትቀመጡ፣ በቃ።

እኔ የምፈራው ያንን የተቀበረ የስኳርና የአመዳይ ንብርብር ነው። ምልክት አይሰጥም፣ ከ10 ሰው በኋላ 11ኛው ላይ ሊለቅ ይችላል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ቆማችሁ ከላያችሁ ያለውን ተራራ ልታስነሱትም ትችላላችሁ። ትንበያው ይሄን ከጻፈ እኔ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ጭራሽ ከዕቅዴ አወጣለሁ፣ ሳምንትም ይሁን ወር።

2. መንገዱን በማዕዘን ምረጡ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል ይሄን ነው የምለው። ስኖው ውስጥ ያለውን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ 30 ዓመት የሠራ ሰውም ይሳሳታል፣ የቁልቁለቱ ማዕዘን ግን ይለካል። ስላብ ናዳ የሚነሳው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቁልቁለት ላይ ነው፣ 38 አካባቢ ደሞ ዋናው ነው። ከዛ በላይ በጣም ቀጥ ካለ ስኖው እየጣለ ወዲያው ወዲያው ስለሚራገፍ ብዙ አይከማችም፣ ከ30 በታች ከሆነ ደሞ ለመንሸራተት ይከብደዋል። ችግሩ ለስኪ የሚያስደስተውም ያው ከ30 በላይ ያለው መሆኑ ነው።

በዓይን አትገምቱ፣ ከታች ሲታይ ሁሌም ይዋሻል። ብዙ የካርታ አፖች ቁልቁለቱን በቀለም ያሳያሉ፣ ከ30 በላይ ያለው ቢጫ ወይ ብርቱካን ወይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የወረቀት ካርታ ካላችሁ ደሞ በ1:25,000 ካርታ ላይ በ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት የተሠመሩ ሁለት የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት) መሀላቸው 1.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ነው፣ ከዛ ከተጠጋጉ ይበልጣል። ቦታው ላይ ስትደርሱ ደሞ የስኪ ዘንጋችሁን ስኖው ላይ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ አጋድሙትና ስልኩን ላዩ ላይ አድርጉ፣ ማዕዘን የሚለካ አፕ ይነግራችኋል። ካርታው ላይ የማይታይ 15 ሜትር የምትሆን ቀጥ ያለች ጉብታም ትበቃለች፣ ሰው የሚቀበረው በትልልቆቹ ብቻ አይደለም።

የእግራችሁን ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ከበላያችሁ ያለውን እዩ። 10 ዲግሪ ላይ ሻይ እየጠጣችሁ ከላይ 38 ዲግሪ ተንጠልጥሎ ከሆነ እዛ ቁልቁለት ላይ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ከታችም ምን አለ? ፈፋ፣ ገደል፣ ዛፎች፣ ጅረት ያለበት ጠባብ ቦታ ከሆነ ትንሿ ናዳም ጥልቅ አድርጋ ትቀብራለች ወይ ዛፍ ላይ ትፈጠፍጣለች። ከሸንተረር ጫፍ አልፎ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ስኖው ደሞ ኮርኒስ ይባላል (የቤቱ ኮርኒስ አይደለም፣ ይሄኛው ከሥሩ ባዶ ነው)፣ ጫፉ ድረስ ሄዶ ቁልቁል ማየት አያስፈልግም፣ ከምትገምቱት ወደ ኋላ ገብቶ ነው የሚሰበረው።

ዕቅዳችሁ ላይ ሁለተኛ መንገድ ይኑር፣ ከ30 በታች የሆነ፣ ዋናው ዛሬ ባይሆን እንኳን እሱን እንሄዳለን የሚባል። አማራጭ የሌለው ሰው ተራራው ሥር ደርሶ መመለስ ያቅተዋል።

3. ዕቃው

ሦስት ነገር፣ ለእያንዳንዱ ሰው፦ ትራንሲቨር (ሲግናል የሚልክ፣ ፍለጋ ላይ ሲደረግ ደሞ የተቀበረ ሰው ሲግናል የሚያገኝ ትንሽ መሣሪያ)፣ ፕሮብ (ስኖው ውስጥ እየወጉ ሰው የሚፈለግበት ረጅም ቀጭን ዘንግ)፣ አካፋ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ አይሠሩም፣ ትራንሲቨር ያለ አካፋ ጓደኛህ የት እንደሞተ የሚነግርህ መሣሪያ ነው።

ትራንሲቨሩ ባለ ሦስት አንቴና ዲጂታል ይሁን፣ ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ የተለያየ ብራንድም ይግባባል። ፕሮቡ ቢያንስ 240 ሴንቲ ሜትር፣ አካፋው ብረት፣ ፕላስቲኩ የረጋ ናዳ ላይ ይሰበራል። የአየር ከረጢት ያለው ቦርሳ የመቀበርን ዕድል በደንብ ይቀንሳል ግን ከዛፍና ከገደል አያድንም። ሬኮ የሚባለው ልብስ ላይ የሚሰፋው ነገር ደሞ ለነፍስ አድን ቡድኑ ነው እንጂ ጓደኛችሁ በሱ ሊያገኛችሁ አይችልም።

4. መኪናው ጋ

ሁሉም ሰው ትራንሲቨሩን ያበራል፣ ባትሪውን በፐርሰንት ይናገራል፣ ከዛ አንዱ ፍለጋ ላይ አድርጎ ይቆምና ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋሉ፣ ከዛ ይቀየራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚዘለለው ግን ይሄ ነው። መሣሪያው ከውስጠኛው ልብስ ጋር በማሰሪያው ይታሰር ወይ ዚፕ ያለው የሱሪ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳ ውስጥ አይሆንም፣ ናዳው ቦርሳውን ገፎ ሊወስደው ይችላል። ስልክ፣ ካሜራ፣ ማግኔት ያለው ጓንት፣ የሚሞቅ ጓንት ምናምን ስትልኩ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ስትፈልጉ ደሞ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

5. እየሄዳችሁ ዓይናችሁንም ጆሯችሁንም ክፈቱ

ትንበያው ለሰፊ አካባቢ ነው፣ እናንተ ያላችሁበትን ቁልቁለት አያውቀውም። ዛሬ ወይ ትናንት የወረደ ናዳ ካያችሁ ተራራው ራሱ መልሱን ነግሯችኋል፣ ተመሳሳይ አቅጣጫና ከፍታ ያለውን ሁሉ ተዉት። በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከጣለ፣ ዝናብ ከመጣ፣ ነፋስ ስኖውን ከሸንተረሩ ላይ እንደ ጭስ ሲያነሳ ካያችሁ፣ አየሩ ቶሎ ከሞቀና እግራችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ መስመጥ ከጀመረ ሁሉም ተመለሱ ነው የሚለው። ከስኪያችሁ ጫፍ ተነስቶ እንደ መስታወት የሚሮጥ ስንጥቅም እንደዛው።

ከሁሉም ግን ድምፁ። አንድ ጊዜ አራት ሆነን ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እየሄድን፣ ፊት ያለችው ልጅ ቆም ስትል ከእግራችን ሥር "ዉምፍ" አለ። ከባድ ፍራሽ ከላይ ወለል ላይ ሲጣል ዓይነት፣ ግን ድምፁን ከመስማት በላይ ሆዳችሁ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። መሬቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ወረደ፣ ከኛ 20 ሜትር ያህል ርቃ የቆመች ትንሽ ጥድ ላይ የነበረው ስኖው ማንም ሳይነካው ተራገፈ። ደካማው ንብርብር ከሥራችን ተደርምሶ ዛፏ ጋ ድረስ ሮጦ ነበር ማለት ነው። ሜዳ ስለነበር ብቻ ነው የተረፍነው፣ ማዕዘን አልነበረውም። አንዱ ጓደኛችን "ሦስት ሰዓት ነድተን መጥተን?" አለ፣ ሌላው ደሞ "ትናንት ሰዎች ወርደውበታል፣ መስመራቸው ያው" አለ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ዝም ብዬ ልጅቷን ነበር የማየው፣ ከኛ በላይ ልምድ ስላላት እሷ ትወስን ብዬ።

ሦስታችንም የምናውቀው ጥፋት ላይ ነበርን። ኢያን ማካመን የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ የደረሱ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ሰዎቹ ዕውቀት አጥተው ሳይሆን እንዲህ ባለ ሐሳብ ተጠልፈው እንደነበር አሳይቷል፦ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ካሰብን አይቀር፣ ሌላው ሄዶበታል፣ አዋቂው ካለ ይበቃል። ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ አይመቸኝም ካለ መመለስ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ይሄን መኪናው ጋ ተነጋገሩ። እኛ ያኔ ተመለስን፣ ልጅቷ ስኪዋን ስታዞር አንድም ቃል አልተናገረችም።

ጉድጓድ ቆፍሮ ንብርብሩን መፈተን የሚባልም አለ። 90 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አምድ ትቆርጡና በአንዱ ጫፍ አካፋ አድርጋችሁ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ ትመታላችሁ፣ ስብራቱ አምዱን አቋርጦ እስከዛኛው ጫፍ ከሄደ መጥፎ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መልሱ ለመመለስ ይጠቅማል እንጂ ለመሄድ አይደለም። እናንተ የቆፈራችሁበት ጥሩ ሆኖ 10 ሜትር አልፎ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

6. ቁልቁለቱ ላይ

አንድ በአንድ። አንዱ ሲወርድ ወይ ሲሻገር ሌሎቹ ናዳው የማይደርስበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ ያዩታል። ከመግባታችሁ በፊት የዘንጉን ማሰሪያ ከእጃችሁ አውጡ፣ ቢለቅ ወደ የት ነው የምወጣው የሚለውን አስቡ። መሀል ላይ ቆሞ ፎቶ የለም። ስኖው የሚሳሳበት፣ ድንጋይ ብቅ ያለበት አካባቢ ክብደታችሁ ደካማው ንብርብር ጋ ቶሎ ይደርሳል፣ እንደ መጠለያ አትዩት።

7. ከተያዛችሁ

ጩኹ፣ ሰዎቹ እንዲያዩ። የአየር ከረጢት ካላችሁ ማስነሻውን ወዲያው ሳቡ፣ አትመራመሩ። ፍጥነት ካላችሁ ወደ ጎን ለመውጣት ሞክሩ፣ ዘንጉን ጣሉ፣ ላይ ለመቆየት ታገሉ። መዝገም ሲጀምር አንድ እጅ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ለመተንፈሻ ክፍተት ፍጠሩ፣ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር ከዛ በኋላ ጣት ማንቀሳቀስም አይቻልም።

8. ጓደኛችሁ ከተቀበረ

ሰዓቱ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃ ከወጣ ከ10ሩ ዘጠኙ ያህል ይተርፋል፣ ከዛ በኋላ ቁጥሩ ቁልቁል ይወድቃል፣ 35 ደቂቃ ላይ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነው። አብዛኛው የሚሞተው ታፍኖ ነው። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ አይደርስም፣ ስለዚህ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ሌላ ናዳ የሚመጣ መሆን አለመሆኑን እዩ። የመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ያዙ። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ይደውል (አውሮፓ ውስጥ 112)፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ፈልጉ። ሁሉም ትራንሲቨሩን ወደ ፍለጋ ይቀይር፣ አንዱ ከረሳ የሱን ሲግናል ነው ስታሳድዱ የምትውሉት። ዓይናችሁንም ተጠቀሙ፣ ጓንት ወይ የስኪ ጫፍ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሲግናል እስኪገኝ በፍጥነት፣ ከዛ ቀስቱንና ቁጥሩን እየተከተላችሁ፣ ቁጥሩ እየቀነሰ መምጣት አለበት። 3 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ተንበርከኩ፣ መሣሪያውን ስኖው ላይ አስጠግታችሁ ሳታሽከረክሩ በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከዛ ወደ ግራና ቀኝ በመስቀል አድርጋችሁ ትንሹን ቁጥር ያዙ። ከዛ ነጥብ ጀምሮ ፕሮቡን ቀጥ አድርጋችሁ በ25 ሴንቲ ልዩነት ክብ እየዞራችሁ ውጉ። ሰው ሲነካ መሬት እንደሚነካው አይደለም፣ ይለሰልስና ትንሽ ይመልሳል። ከነካ ፕሮቡን አታውጡት።

ቁፋሮው ነው ሰዓት የሚበላው። ከፕሮቡ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አትቆፍሩ፣ ከፕሮቡ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ራቁና ወደ ሰውየው አቅጣጫ ግቡ፣ ስኖውን ወደ ላይ ማንሳት ሳይሆን እንደ መቅዘፍ ወደ ኋላ መግፋት። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ፊት ሌሎቹ ከኋላ በቪ ቅርጽ ቆማችሁ ፊተኛውን በየደቂቃው ቀይሩት። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው ለማውጣት ከአንድ ቶን በላይ ስኖው ነው የሚነሳው። ጭንቅላቱ ሲገኝ ቀድሞ አፍና አፍንጫው ይጽዳ፣ ደረቱ ነፃ ይሁን፣ ካልተነፈሰ የታፈነ ሰው ስለሆነ እፍ ብሎ አየር መስጠቱ ይቀድማል፣ ከዛ የደረት ጭመቃ። በጣም የቀዘቀዘ ሰው በጥንቃቄ በአግድም ነው የሚነሳው።

ይሄን ሁሉ በጭንቀት ሰዓት ማስታወስ አይቻልም፣ እጅ ነው መልመድ ያለበት። ትራንሲቨሩን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ጓደኛችሁ አንድ ሜትር ያህል ይቅበረው፣ ሰዓት ያዙና ፈልጉ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ 14 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሲግናሉን ለማግኘት ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ የቀረው በሙሉ አካፋ ነበር፣ የሳሳ አካፋ ስለነበረኝ ግማሹን በእጄ ነው የቧጠጥኩት። አካፋውን በማግስቱ ቀየርኩ። በየዓመቱ መጀመሪያው ስኖው ሲጥል ይሄን ድገሙት፣ ወራቱ ሲያበቃ ደሞ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ ውስጡ ከቀረ ያፈስና መሣሪያውን ይበላዋል።